ጉሊት፣ እሁድ ገበያ ወይስ ሸማቾች? ለከተማ ዳር ነዋሪ የአስቤዛ አመራረጥ

ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው የሚበላው ሽንኩርት በሰፈሩ ሁለት ጊዜ ያልፋል። መጀመሪያ ከመቂ ወይም ከባቱ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማ ሲገባ ያልፋል። ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይራገፋል። ከዚያ ቸርቻሪዋ በንጋት ሄዳ ትገዛና ወደ ሰፈር ትመልሰዋለች። በመሀል ደላላ አለ፣ ጅምላ ነጋዴ አለ፣ አውራጅና ጫኝ አለ። የሁሉም ሒሳብ መደቡ ላይ ተጨምሮ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው።

«ዳር ያለ ሰው ለገበሬው ስለሚቀርብ ትኩስና ርካሽ ይበላል» ይባላል። ለጤፍ ይሠራል። ለወተትም በከፊል ይሠራል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ብዙም አይሠራም። ለጎመን ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፤ ቅርብ የበቀለው አሳሳቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ «የቱ ገበያ ይሻላል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ መልስ የለኝም። ገበያ አትምረጡ፤ ዕቃ በዕቃ ምረጡ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ጥሩና መጥፎውን በዓይኔና በእጄ መለየት እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ምን ጠጥቶ ወይም ምን በልቶ ነው ያደገው? የመጀመሪያውን «አዎ» ካላችሁ የሚቀርባችሁና የሚረክስላችሁ ቦታ ግዙ። «አይ» ካላችሁ ግን ዋጋው ወደ ኋላ ይቅርና የምታምኑትን ሰው ፈልጉ።

ያለን ምርጫ

ለገጣፎም ሁኑ ሰበታ፣ ሱሉልታም ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ ምርጫዎቹ ተቀራራቢ ናቸው።

ጉሊት ለዕለት ፍጆታ የሚወዳደረው የለም። ትንሽ ትገዛላችሁ፣ ከከረማችሁ ምርቃት አለ፣ ደንበኛ ከሆናችሁ የተበላሸውን ራሷ ታወጣላችኋለች። ችግሩ በመደብ መሸጡ ነው። መደብ ሚዛን የለውም። አንድ ቀን የገዛችሁትን መደብ ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑት። ጉሊቷ ከእሁድ ገበያ በዋጋ ስንት እንደምትበልጥ ያኔ ነው የሚገባችሁ። አንዳንዴ ምንም አትበልጥም።

እሁድ ገበያ ለጅምላ ገዥ ነው። አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ሽንኩርትና ድንች ለሚገዛ ቤተሰብ ልዩነቱ ይታያል። ሁለት ኪሎ ለሚገዛ ላጤ ግን የባጃጁ ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል። ማልዳችሁ ካልሄዳችሁ ደግሞ የሚቀረው የተመረጠበት ነው። ለሚ ኩራ፣ ኮልፌና አቃቂ የተሠሩት ትልልቅ የግብርና ምርት ማዕከላት በተመሳሳይ ሒሳብ ይታያሉ። በአቅራቢያቸው ከሆናችሁ ጥሩ ነው፤ ሁለት ታክሲ ከያዛችሁ ግን አያዋጣም።

የሸማቾች ማኅበር ዋጋው አይዋዥቅም። ዕቃው ግን ይዋዥቃል፤ ዘይት ሲገባ ዱቄት የለም፣ ዱቄት ሲገባ ስኳር አልቋል። ዳር ለምንኖር ሌላም ጣጣ አለ። ከመንገዱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ ሸገር ከተማ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቃችሁ ሸማቾች የእናንተ ላይሆን ይችላል። ሳትሰለፉ በፊት መታወቂያ ይጠየቅ እንደሆነ አጣሩ።

ሱፐርማርኬት የምሄደው ለማቀዝቀዣና ለቀን ነው። የማብቂያ ቀን ያለው የታሸገ ዕቃ፣ የረጋ እርጎ፣ ዓሣ። ለሽንኩርት ሱፐርማርኬት የሚገባ ሰው ለመብራቱ ነው የሚከፍለው።

የሰፈር ሱቅ ውድ ነው፣ ግን ዱቤ አለው። በወር መጨረሻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከከተማው ሰሜን ተነስተው መሀሉን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በመንገዳቸው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቆዳ ማልፊያ ውሃ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ። ዳርና ዳራቸው ላይ ደግሞ ለምለም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል። በጋውን ሙሉ የሚያጠጣው ያው የወንዙ ውሃ ነው። ተመራማሪዎች ከዚያ አትክልት በተደጋጋሚ ናሙና ወስደው እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። ቅጠላ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ከሥራ ሥርና ከፍሬ የበለጠ ይሰበስባል።

ማጠብ ጥሩ ነው። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አሜባና ጃርዲያን ለመቀነስ ይረዳል። ቅጠሉ ከአፈርና ከውሃ ስቦ ውስጡ ያስገባውን ብረት ግን አያወጣውም። መቀቀልም አያጠፋውም። ለዚህ ነው «እቤቴ በደንብ አጥቤዋለሁ» የሚለው መጽናኛ ለጎመን የማይበቃው።

ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም። እሱ ከላይ የወረደለትን ውሃ ነው የሚያጠጣው። እኔም አትግዙ ለማለት አልደፍርም፤ ጎመን በልቶ የታመመው ቁጥር ጎመን አጥቶ ከሚታመመው ይብለጥ አይብለጥ ሌላ ጉዳይ ነው። የምለው ግን ምርጫ ካላችሁ ተጠቀሙበት ነው። የከተማ ዳር ሰው ምርጫ አለው።

ክረምት ላይ በዝናብ የበቀለ የጓሮ ጎመን ሞልቷል። ያኔ ብዙ ብሉ። በጋ ላይ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ የሚያጠጣ ጎረቤት ፈልጉ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ በረንዳ ላይ በጆንያና በአሮጌ ጀሪካን የተተከለ ጎመን ለአንድ ቤተሰብ ሳምንታዊ ወጥ ይበቃል፤ ከሥሩ ያለውን ቅጠል እየቀጠፋችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ። ጉሊት ላይ ደግሞ ጥያቄውን ቀይሩት። «ከየት ነው?» ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ «ከአትክልት ተራ» ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ጎመን የወንዝ ነው የጓሮ?»

«የጓሮ ነው ልጄ፣ የእህቴ ነው። ቆስጣውን ግን አላውቅም፤ ከአከፋፋይ ነው ያመጣሁት።»

እንዲህ የምትመልስ ሴት ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። ጎመኑን ስላወቀች ሳይሆን ቆስጣውን «አላውቅም» ስላለች።

ጥሬ ሰላጣ ውሃው ካልታወቀ እኔ አልገዛም። በቃ።

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች

እነዚህ በዓይን የሚለዩ ናቸው። ስለዚህ ሒሳብ ብቻ ሥሩ።

መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባቱ ትንሽ ትርቃለች። አብዛኛው ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚመረት በመሆኑ የሚበዛው በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ማሳው ይጨቀያል፣ ምርቱ ይበሰብሳል፣ መጋዘን ደግሞ የለም። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ዋጋው ሲሰቀል የነጋዴ ተንኮል ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ተንኮልም አለ፣ ግን ዝናቡ ይቀድማል።

የአትክልት ተራው ታሪክ ራሱ ዳር ላለነው ለውጥ አምጥቷል። 2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለጀሞ፣ ለሃና ማርያምና ለለቡ ሰው ጅምላው ደጁ መጣለት። ለየካ አባዶና ለለገጣፎ ሰው ግን ራቀ። ላፍቶ አካባቢ ካላችሁ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ በሳጥን ቲማቲም መግዛት ያዋጣል። ሰሜን ምሥራቅ ካላችሁ ጉሊታችሁን አክብሩ፤ የእሷን ትራንስፖርት እናንተ ብትከፍሉት ይብስባችኋል።

ሽንኩርት ስትመርጡ አንገቱን ጫን አድርጉት። ከለሰለሰ አይከርምም። ቲማቲም ላይ ግን ለስላሳውን አትናቁ። ለስልስ ከሆነ ጉሊቷ በቅናሽ የምትሰጠው የበሰለ ቲማቲም ከጠንካራው ይሻላል፤ ጠንካራው ለጉዞ ብለው ሳይበስል የቀጠፉት ነው። ድንች ፀሐይ ላይ ውሎ አረንጓዴ ካወጣ ተዉት። አረንጓዴነቱ ሶላኒን የሚባል መርዝ እንዳለበት ምልክት ነው፣ ሲቀቀልም አይጠፋም።

ጤፍ፦ በየትኛው በር ነው የምትኖሩት?

የከተማ ዳር ሰው እውነተኛ ጥቅም እዚህ ነው። ከተማዋ ወደየአቅጣጫው መውጫ አላት፤ በእያንዳንዱ መውጫ የተለየ እህል ይገባል።

ገላንና ዱከም ያላችሁ ለአዳአ ቅርብ ናችሁ። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዳአ ጤፍ ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው። የምንጃር ጤፍም ከምሥራቁ በኩል ይመጣል። ሰበታና ዓለም ገና ያላችሁ የበቾን ሜዳ ጎረቤት ናችሁ። ሱሉልታ ያላችሁ ከጎጃም የሚመጣው መኪና በደጃችሁ ያልፋል። ለገጣፎና ሰንዳፋ ያላችሁ ደግሞ ከጤፍ ይልቅ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው ይቀርባችኋል፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ሸኖ አለ፣ ሸኖ ማለት ቅቤ ነው።

ስለዚህ ጤፍ ለመግዛት እህል በረንዳ ድረስ አትሂዱ። በእናንተ በር ባለው ከተማ የገበያውን ቀን ጠይቃችሁ አንድ ጠዋት ሂዱ። ወይም በመንገዱ ላይ ካሉት እህል ቤቶች ግዙ።

ጊዜው ከቦታው እኩል ዋጋ አለው። ጤፍ የሚታጨደው ከኅዳር ጀምሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥርና የካቲት ላይ ገበያው ይላላል፤ ክረምት ላይ ይከርራል። የጤፍ ደግነቱ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎና ስንዴ አያጠቃውም። ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣችሁን ጥር ላይ ለማግኘት ተለማመጡ። አንድ ኩንታል ከከበዳችሁ ከጎረቤት ጋር ለሁለት ግዙ።

ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ወይስ ቀይ? የማኛ ዋጋ በአብዛኛው የንጣቱ ዋጋ ነው። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ይሁን። ለዕለት እንጀራ ሰርገኛ ይበቃል፤ ለእኔማ ጣዕሙም ይበልጥብኛል። «ቀይ ጤፍ ብረት አለው» የሚባለው መሠረት አለው። ሆኖም በጤፍ ላይ የሚለካው ከፍተኛ ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለው አፈር ነው። ስለዚህ ቀይ ስለሆነ ብቻ ማበጠሩን አትተዉ።

ስትገዙ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከመሀሉ አስወጥታችሁ እፍኝ ዝገኑ። በመዳፋችሁ አሹት፤ አቧራና እንክርዳድ ይታያል። ትንሽ አኝኩት፤ አሸዋ ካለ ጥርስ ይናገራል።

የተፈጨ የጤፍ ዱቄት ግን አትግዙ። ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ቢቀላቀልበት በዓይን አትለዩትም። ቅይጡ መርዝ አይደለም፤ በጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው ነገሩ። ስታስፈጩም ወፍጮው አፍ ላይ ቁሙ። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ከእናንተ በፊት የተፈጨው ሰው ቅሪት ነው።

እንጀራ ገዝታችሁ የምትበሉ ከሆነ ሱቅ ደጃፍ ላይ በፌስታል ከተደረደረው ይልቅ ቤቷን የምታውቋትን ጋጋሪ ያዙ። ጤፉን ራሳችሁ ሰጥታችሁ የምጣዱን ብቻ መክፈል ደግሞ የተሻለው ነው። ብዙ ጋጋሪዎች ይስማማሉ።

የተፈጨና የቀለጠ ነገር

ከላይ ያለው ሕግ በርበሬና ሽሮ ላይም ይሠራል። በርበሬ በዛላው፣ ሽሮ በአተሩና በሽምብራው ይገዛ። የማረቆና የሀላባ በርበሬ ስም አለው፤ ግን ሻጩ ሁሉ «የማረቆ ነው» ነው የሚለው። ስለዚህ ስሙን ተዉና ዛላውን ሰበር አድርጉት። ካልተሰበረና ከታጠፈ እርጥብ ነው። እርጥቡን በርበሬ በሚዛን ስትገዙ ውሃ እየገዛችሁ ነው፤ ሲከርም ደግሞ ይሻግታል።

ቅቤ ከሁሉም ይከብዳል። ሙዝ የሚቀላቅል አለ፣ የአትክልት ቅባት የሚቀላቅል አለ። እዚህ ዓይን አይበቃም። መጀመሪያ ትንሽ ገዝታችሁ እቤት አንጥሩት። ጥሩ ቅቤ ጠርቶ ይወጣል፤ የተቀላቀለው ከሥሩ ብዙ ዝቃጭ ይተዋል ወይም ሽታው ይከዳል። ከሰውየው ጋር ከተስማማችሁ የዓመቱን ግዙ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። በጾሙ 55 ቀን ወተቱ ወደ ቅቤ ስለሚዞር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ሳምንት ከጠበቃችሁ ግን ተወድዶ፣ እየተናደዳችሁ ትገዛላችሁ። ለሚነጠረው ለጋውንም በሳሉንም ሳይሆን መካከለኛውን ብትመርጡ ኪሳችሁም ወጣችሁም አይጎዳም። ለጋው ለራስ ነው፣ ወይ ለገንፎ።

ወተት፦ ከላሟ ቤት ወይስ በላስቲክ?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ሰበታ ዙሪያ ላም የሌለበት ሰፈር የለም። በጄሪካን ጠዋት የሚመጣ ወተት ትኩስ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አይቡም ቅቤውም ከእሱ ይወጣል። በላስቲክ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያው አካባቢ ተሰብስቦ ፋብሪካ ገብቶ ይመለሳል።

የቤት ወተት መፈላት አለበት። ቲቢና ብሩሴላ የሚባሉት ከላም ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በማፍላት ይጠፋሉ። «ጥሬውን ስንጠጣ አድገናል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ያላደጉት ደግሞ አይናገሩም።

ማፍላት የማያጠፋው ነገር ግን አለ። በ2008 ዓ.ም የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚመረተው ወተት 110 ናሙና መርምሮ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አገኘ። ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ በአብዛኛው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ነው፤ ፋጉሎው ሲሻግት ሻጋታው መርዝ ያመነጫል፣ ላሟ ትበላዋለች፣ በወተቷ ይወጣል። ይህ መርዝ ሙቀት አይበግረውም። ፓስቸራይዝ የተደረገው ወተትም ከዚያው አካባቢ ስለሚሰበሰብ በላስቲክ ስለታሸገ ብቻ ነፃ አይሆንም።

ታዲያ የላሟ ቤት የሚበልጠው እዚህ ነው። መኖዋን ማየት ትችላላችሁ። ፋጉሎው የት ተቀምጧል? ደረቅ ነው? አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ አለበት? ድርቆሽና ሳር ምን ያህል ታገኛለች? የላስቲኩን ወተት እንዲህ መጠየቅ አይቻልም። ባለቤቷን ደግሞ እንደ ተቆጣጣሪ ሳይሆን እንደ ደንበኛ ጠይቋት፤ የምትኮራበት ካላት ራሷ ታስገባችኋለች።

ላስቲኩ የሚመረጠው ላሟን የማታውቋት ሲሆን፣ ወይም ማፍላት በማይመች ቀን ነው። ያኔም መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሱቁ ጄኔሬተር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ላስቲኩ ካበጠ መልሱት።

የቀሩት

እንቁላል ከጉሊትም ከሱቅም ቢገዛ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ተዉት። የአስኳሉ ቢጫነት ዶሮዋ የበላችውን ነው የሚያሳየው፤ ለሐበሻ እንቁላል የሚከፈለው ጭማሪ የጣዕም እንጂ የጤና ዋስትና አይደለም።

ዘይት ላይ ሸማቾች ይቅደም። በጀሪካን የሚመጣው ርካሹ ብዙ ጊዜ ፓልም ነው፣ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ። እንደ ሱሉልታ ባለ ቀዝቃዛ ሰፈር ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ። ያ ብልሽት አይደለም፣ የፓልም ጠባይ ነው፤ ግን የሚረጋው ስብ ብዙ እንደሆነ ይነግራችኋል። አቅም ካለ የሱፍ ዘይት፣ ከታመነ መጭመቂያ ደግሞ የኑግ ዘይት ይሻላል።

ጨው ሲሆን አዮዲን ያለበትን ብቻ። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደንብ ወጥቶለታል። በጆንያ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚመታውን ግን አትግዙ፤ አዮዲኑ ይተናል። እቤትም ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

አዲስ ሰፈር ለገባ ሰው

ዳር ያሉ ሰፈሮች በየወሩ አዲስ ሰው ይገባባቸዋል። ዕቃችሁን እንዳወረዳችሁ ሱፐርማርኬቱን አትፈልጉ። ወፍጮ ቤቱን ፈልጉ። ባለወፍጮው የማን ጤፍ አሸዋ እንዳለበት፣ የትኛው እህል ቤት እንደሚያጭበረብር፣ የትኛዋ ጋጋሪ በቆሎ እንደምታስፈጭ ያውቃል፤ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋልና። ላም ያላቸውንም ያውቃል፣ ፉርሽካ የሚወስዱት ከእሱ ነው። ግማሽ ጆንያ እህል ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ፣ መብራት ሳይጠፋ። ወረፋው ላይ ያሉትን እናቶች ሰላም ብላችሁ ቁሙ። የቀረውን እነሱ ይነግሯችኋል።